ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ቃልአብ መቼ ፈረመ?

ኤልዳና ይህን ጥያቄ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረችው። ነርሷን ጠየቀቻት፤ ነርሷ "እኔ እንጃ" አለቻት። የወንድሟን ስልክ ከፍታ የቆዩ መልእክቶቹን አገላበጠች፤ ምንም የለም። ወንድሟ ራሱ መልስ የሚሰጥበት አፍ አልነበረውም። ሰኞ ከሰዓት ፒያሳ ላይ ፎቅ ሲቀባ መወጣጫው ተንዶበት ወድቆ፣ አሁን በጽኑ ሕሙማን ክፍል አራተኛው አልጋ ላይ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት ተኝቷል። በጣቶቹ መሐል ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ከራስጌው ባለው ሰሌዳ ላይ ከስሙ ቀጥሎ አንድ ቃል ተጽፏል፤ "ሙሉ"።

ሙሉ! ደሴ ውስጥ ቃልአብን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ባዶ መሆኑን ያውቃል።

ባዶ ያልፈረመ ነው። ግማሽ ሁለት ኩላሊቱንና የዓይኑን ብሌን ያስመዘገበ ነው። ሙሉ ደግሞ ሲሞት ልቡን፣ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ቆዳው ሳይቀር ለልገሳ ቢሮ የተወ ነው። ኤልዳና ከገራዶ ወደ ፒያሳ በሚወጣው የገመድ ታክሲ መሳፈሪያ በር ላይ አስራ አንድ ዓመት ስለ ቆመች፣ የከተማዋን ሰው በስሙ ሳይሆን በሚያሰማው ድምፅ ታውቀዋለች። ሙሉ ምዝገባው ያለበትን የእጁን አምባር አስነክቶ ሲያልፍ በሩ ዜማ ያለው ድምፅ ያሰማል። ግማሽ ሲያልፍ አንዴ ብቻ ጢን ይላል። ባዶ ሲያልፍ በሩ ዝም ይልና ሙሉ ሂሳብ ይቆርጣል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያንን ዝምታ ይሰማል። ልጆች ሲጣሉ "አንተ ባዶ!" ይባባላሉ። የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ላይ "ለሙሉ ብቻ" ተብሎ ይጻፋል። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ የልጅቷ እናት ስለ ልጁ ዘር ከመጠየቋ በፊት አምባሩን ትጠይቃለች። ማንም ማንንም አላስገደደም። ይህን ሁሉም ሰው አፉን ሞልቶ ይናገራል።

ቃልአብ ግን በዚያ በር ሲያልፍ፣ ዝምታው ሲመጣ፣ ሆን ብሎ ቆም ይል ነበር።

"ቁም አታብዛ፣ ሰው ይጠብቃል" ትለዋለች እህቱ አንገቷን ደፍታ።

"ምን ቸገረሽ፣ ከፍያለሁ እኮ! ሙሉ ሂሳብ የከፈለ እኔ ብቻ ነኝ።"

"ለምንድነው የማትፈርመው ግን? ከሞትክ በኋላ ጉበትህ ምን ይሠራልሃል?"

"ምንም።"

"እና?"

"ቢለምኑኝ እሰጣቸው ነበር፣ ኤልዱ። ደሜን ስንቴ ሰጥቻለሁ? አንዱ መጥቶ 'ልጄ ታማብኛለች' ቢለኝ ነገ ተኝቼ አንዱን ኩላሊቴን አወጣለሁ። እነዚህ ግን በመብራት ቅናሽ ነው የመጡብኝ። እንደ በግ ወገቤን እየዳበሱ።"

"ድሃ ነህ እኮ አንተ!"

"እሱን ነው የምልሽ። የሀብታም ወገብ ማን ሲዳብስ አየሽ?"

ይህን የሚል ሰው መቼ ፈረመ?

ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት መጥታ ከኤልዳና ጎን ተቀመጠች። ናርዶስ ትባላለች፤ የሆስፒታሉ የሽኝት አስተባባሪ ናት። ልብሷ ቡናማ፣ ድምፅዋ ለስላሳ፤ ውሃ ይዛ ነው የመጣችው።

"ወንድምዎ በጣም ለጋስ ሰው ነበሩ" አለች።

"ነበሩ አትበይኝ።"

"ይቅርታ። ለጋስ ሰው ናቸው። ሙሉ ለፈረመ ሰው የአልጋውን፣ የማሽኑን፣ የመድኃኒቱን ሁሉ ቢሮው ይሸፍናል። እርስዎ አምስት ሳንቲም አያወጡም። በምትኩ ጥበቃው አጭር ነው።"

"ምን ማለት ነው አጭር?"

"አርባ ስምንት ሰዓት። ሰኞ አስር ሰዓት ከአርባ ላይ ገብተዋል። ነገ አስር ሰዓት ከአርባ ድረስ ካልነቁ ሽኝቱ ይጀመራል፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባሉ።"

ኤልዳና ውሃውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። "ባዶ ቢሆንስ?"

"ባዶ አስር ቀን ይጠበቃል።"

"ማሽኑ አንድ። አልጋው አንድ። ሰውዬውም አንድ። እና ስምንት ቀን የት ሄደ?"

"ውሉ አራተኛ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ እትዬ።"

"አራተኛውን ገጽ ያነበበ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ናርዶስ ወደ በሩ አየት አደረገች። "እኔ ራሴ አላነበብኩትም" አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ አምባሯን ነካ ነካ አድርጋ ቀኑን አወጣችላት። ቃልአብ ተስፋሁን፣ ጥር ሰባት፣ በቡድን ምዝገባ፣ በላይ ሰፈር ቅሬ በኩል። ቅሬ ማለት በወሎ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ሬሳውን የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናበት ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ኤልዳና የዚያው ቅሬ የዕቃ ቤት ኃላፊ ናት።

"ጥር ሰባት ሰመራ ነበር! የሰው ሆቴል ሲቀባ ነበር!"

"እንግዲያው የሚሰረዝበት መንገድ አለ" አለች ናርዶስ። "ቤተሰብ ያልሆኑ ሁለት የቅሬው አባላት 'በዕለቱ አልነበረም፤ አልተስማማም' ብለው ከመሰከሩ ወደ ባዶ ይመለሳሉ። አስሩን ቀን ያገኛሉ። በአካልም ቢመጡ፣ በስልክ አንድ መስመር ቢጽፉም ይበቃል። ግን ከነገ አስር ሰዓት ከአርባ በፊት ነው።"

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽበታም ዶክተር አስቆማት። እጁን ኪሱ ከቶ፣ ግድግዳውን እያየ ነበር የሚናገረው። "በስድስተኛው ቀን የነቃ ሰው አይቻለሁ። በስምንተኛውም አይቻለሁ። ጭንቅላቱ ላይ ያለው እብጠት እስኪጎድል ነው ነገሩ። የዛሬን አይተሽ ተስፋ አትቁረጪ።"

"በሦስተኛው ቀን የነቃስ?"

"ሦስተኛውን ቀን አሁን አሁን አናየውም" አለና ሄደ።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሚኪያስ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የሰፈሩን ሦስት ትውልድ በአትላስ እየመቱ አሳድገዋል። ኤልዳና ስትደርስ በቅሬው አዳራሽ ብቻቸውን ተቀምጠው ወንበር ይጠግኑ ነበር።

"እንዴት አደረ ልጃችን?"

"እንደተኛ ነው። ጋሽ ሚኪያስ፣ የጥር ሰባትን ጉባኤ ማየት እፈልጋለሁ።"

ሚስማሩን ከአፋቸው አውጥተው አስቀመጡ። ምንም አልጠየቁም፤ ኤልዳናም ያን ጊዜ ነው ማወቃቸውን ያወቀችው። የጉባኤውን ቪዲዮ ግድግዳው ላይ ከፈቱላት።

በምስሉ ላይ ጋሽ ሚኪያስ መድረክ ላይ ቆመው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ይናገራሉ። "እንግዲህ ቢሮው ያለው ይህ ነው። መቶ በመቶ ከሆንን ድንኳን፣ ወንበር፣ የቀብር ቦታ፣ መኪና ሁሉ በነፃ። አንድ ሰው ከጎደለ ምንም የለም። ስማችሁን ስጠራ አቤት ያለ ተስማምቷል። ያልተስማማ ዝም ይበል።" ስም ጥሪው ጀመረ። አቤት። አቤት። አቤት። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ "ቃልአብ ተስፋሁን!" የሚል ድምፅ።

"አቤት!"

ከሩቅ ነው፤ ከግድግዳ ጀርባ፣ ከስኒ ኳኳታ ጋር። የሴት ድምፅ ነው። የራሷ ድምፅ ነው።

ኤልዳና ግድግዳውን ትኩር ብላ አየችው፤ ዳግም እንዲያሰሟት አልጠየቀችም። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ቃልአብ ሎጊያም ይሁን ሰመራ፣ ስሙ ሲጠራ የቀሪ ቅጣት እንዳይቆጠርበት እሷ ነበረች የምትመልስለት። ሁሉም እንዲያ ነው። በላይ ሰፈር ቅሬ ስለ ቀረ ጎረቤት አቤት ማለት ጨው እንደ ማበደር ያለ ነገር ነው፤ ማንም ውለታ ብሎ አይቆጥረውም። በዚያ እሑድ እሷና እትዬ ሀያት ጓዳ ገብተው የለቅሶ ስኒ ያጥቡ ነበር። በመድረክ ላይ ምን እንደተባለ አልሰማችም። ስሙን ብቻ ሰማች።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ለጋሽ ሚኪያስ አልነገረቻቸውም። የቃልአብ መታወቂያ በእሷ ቤት አድራሻ ነው፤ እሱ ግን ከሰመራ የተመለሰው ባለፈው እሑድ ስለ ሆነ ከጥር ወዲህ በመሳፈሪያው በር አላለፈም። በየካቲት የመብራቱ ሂሳብ በግማሽ ቀነሰ። አየችው። ፈርሞ አፍሮ ነው የደበቀኝ ብላ አሰበች። ልትጠይቀውም ስልክ አንስታ ነበር። ከዚያ፣ ብጠይቀው በእልህ ይሰርዘው ይሆናል ብላ ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው። በዚያ ወር ለሴት ልጇ አዲስ ጫማ ገዛች።

"ድምፁ የኔ ነው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያኔውኑ። አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ስም የጠራ ሰው፣ ማን ለማን እንደመለሰ አይጠፋውም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ጋሽ ሚኪያስ መዶሻውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "መቶ አስራ ሁለት ነን። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስንት ሰው ይመስልሻል? ሰባ አይሞላም። የራሴን ባለቤት እኔው ጠርቼ እኔው አቤት ብያለሁ፤ ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። አሁን የቃልአብን ክር ብንመዝ ሁሉም ይተረተራል። ቤቱ 'ለሙሉ ብቻ' የሆነበት አለ። በዚሁ ምዝገባ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባ አለ። የተሰጠውን ሁሉ መልስ ይሉታል።"

"ጋሽዬ፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው የሚያወሩኝ? ወንድሜን ነገ ሊከፍቱት ነው!"

"የልጅ ልጄን ታውቂያታለሽ፣ ሶልያናን? በሰው ኩላሊት ነው ትምህርት ቤት የምትሮጠው። ሞታ ነበር። ይህ ነገር ባይኖር እኔ ዛሬ..."

ኤልዳና እዚያ ላይ ልታዝንላቸው ምንም አልቀራትም ነበር። ደሟ ግን ፈላ። "እግዜር ያሳድግልዎት። ያንን ኩላሊት የሰጠው ሰው ግን ስንት ቀን ነው የተጠበቀው?"

"አልጠየቅኩም።"

"እኔም በየካቲት አልጠየቅኩም" አለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባቸው ጥላቸው ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ነገር ሆነ። ኤልዳና በእርጥብ ጨርቅ የወንድሟን ጣቶች ከቀለሙ ስታጸዳ አውራ ጣቱ እጥፍ አለ። ነርሷን ጠራች። ነርሷ መጥታ ማሽኑን አየችና "የነርቭ ነው፣ እማዬ" አለች። ኤልዳና አልተከራከረችም። እጁን መልሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችና ንጹሕ ሸሚዝ ልታመጣለት ወደ ቤቷ ወጣች፤ ሲነቃ በሆስፒታል ልብስ ራሱን እንዲያገኝ አልፈለገችም።

ከመታጠፊያው ላይ ሆና ነው ያየችው። በቤቷ ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል።

አዲሱ ነበር፤ ቢሮው የሰጠው ነጩ ድንኳን። ወንበሮቹ በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። ሴቶች በትልቁ ድስት ሽንኩርት ከትፈው እሳት እያያያዙ ነው። ያፌት የሚባለው የድንኳን ኃላፊ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ባለትዳር፣ የመጨረሻውን ካስማ ይመታል። ጋሽ ሚኪያስ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"ያፌት" አለች ኤልዳና።

"እትዬ ኤልዱ! አይዞሽ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል..."

"ማን ሞተ?"

ካስማው ላይ ያነሳው መዶሻ አየር ላይ ቀረ። "እ... የሽኝት ሰዓቱ መጣልን። ሰዓት እንዳናሳልፍ ብለን ነው። ቅሬያችን ዘግይቶ አያውቅም።"

"ማን ነው የሞተው አልኩህ?"

"አስር ሰዓት ከአርባ ይላል፣ እትዬ" አለ ያፌት፤ የአውቶቡስ ሰዓት የሚናገር ይመስል ነበር።

ኤልዳና ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። ሄዳ ያፌት የመታውን ካስማ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። ከዚያ ቀጣዩን። ሦስተኛው ላይ ገመዱ ተፈናጥሮ የእጇን ቆዳ ላጠው፤ ነጩ ድንኳን ተልገምግሞ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላዋ "ሐዘን ነው፣ ተዉአት" አለች።

"ሐዘን አይደለም!" አለች ኤልዳና። "ሐዘን የሞተ ሲኖር ነው። ወንድሜ አልሞተም። ዛሬ ጠዋት ጣቱን አንቀሳቅሷል። አስር ቀን ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ጥር ሰባት ሰመራ እንደነበር እዚህ የማያውቅ ሰው አለ? ሁለት ሰው ይመስክርልኝ። አንድ መስመር ነው። ማነው?"

ሴቶቹ ሽንኩርቱ ላይ አጎነበሱ።

"ማነው?" አለች ደግማ።

ከድስቱ ጀርባ አንዲት ጎረቤቷ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። "የመብራቱን ቅናሽ ስትበይ የት ነበርሽ? ያኔ ለምን አልጮህሽም?"

ሁሉም ወደ ኤልዳና ዞረ። ትክዳለች ብለው የጠበቁ ነበሩ።

"እዚሁ ነበርኩ" አለች። "በላሁት። አይቼ፣ አውቄ፣ አፌን ዘግቼ በላሁት። ይኸው አሁን እያስመለሰኝ ነው። እናንተስ?"

ጋሽ ሚኪያስ እጃቸውን አነሱ። "እንዲህ በአደባባይ አይሆንም፣ ልጄ። ቁጭ ብለን እንነጋገር።"

"መቼ? አስር ከአርባ ላይ?"

ያን ጊዜ ከሽንኩርቱ ጎን በርጩማ ላይ የተቀመጡት እትዬ ሀያት ተነሱ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባቸው፣ ሰዉም ጠበቃቸው።

"እኔ አለሁ" አሉ። "ስኒውን አብረን ነበር የምናጥበው። ወላሂ ልጁ አልነበረም። እሷም የተባለውን አልሰማችም፤ እኔም አልሰማሁም።"

"እትዬ ሀያት" አሉ ጋሽ ሚኪያስ ለዘብ ብለው፣ "የልጅዎን ቤት ያስቡበት።"

"ሚኪ፣ አንተን ሱሪህን ከጭቃ ሳነሳልህ ነው የማውቅህ። እኔን ልታስፈራራ ነው? አሏህ ፊት የልጄን ኮንዶሚኒየም ተሸክሜ አልቀርብም። እኔም በዚያ ቀን ለልጄ አቤት ብዬላታለሁ፤ የሷንም እናገራለሁ። ያስወጧት። ጫንቃዋ ሰፊ ነው፣ ቤት ትፈልጋለች።"

ከሴቶቹ መሐል አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ኤልዳና ወደ ያፌት ዞረች። ያፌት የወደቀውን ድንኳን ገመድ እጁ ላይ ይጠቀልል፣ ይፈታ ነበር። በጥር ወር ከቃልአብ ጋር ሰመራ አብረው ሠርተዋል። ቀለሙን ያቀብለው የነበረው እሱ ነው።

"ያፍዬ፣ አንተ አብረኸው ነበርክ።"

"ነበርኩ" አለ መሬት መሬቱን እያየ።

"እንዴት 'አቤት' አልክ ታዲያ አንተ ራስህ?"

"ወንድሜ ነው ያለልኝ። እትዬ ኤልዱ... ሚስቴ ሰባት ወሯ ነው። ቤቱ ለሙሉ ብቻ ነው። እኔ አልነበርኩም ካልኩ በዚያው ቀን ነው የሚያስወጡን። ስድብሽን ልስማ፤ ይገባኛል። ይህን ግን አልችልም።"

ያፌት ክፉ ቢሆን መስደቡ ይቀላት ነበር። የእትዬ ሀያትን ክንድ ይዛ ወደ ገመድ ታክሲው ወረደች። በመሳፈሪያው በር እትዬ ሀያት ሲያልፉ ዜማው ተሰማ፤ አሮጊቷ አምባራቸውን በሌላ እጃቸው ሸፈኑት። ከኋላቸው የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። ድንኳኑን መልሰው እየተከሉት ነው።

ሆስፒታል የደረሱት ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። እትዬ ሀያት በናርዶስ ፊት ተቀምጠው የሚያውቁትን ተናገሩ፣ አውራ ጣታቸውን አስነኩ። ሰሌዳው ላይ ከቃልአብ ስም ሥር አዲስ መስመር ወጣ፤ "አንድ ምስክር ይቀራል።"

"እኔ አልሆንም? እኔው ነኝ እኮ አቤት ያልኩት!" አለች ኤልዳና።

"ቤተሰብ አይቆጠርም" አለች ናርዶስ። አይኖቿ ቀልተዋል። "ማንም ይሁን፣ ከቅሬው አንድ ሰው። አንድ መስመር ብቻ።"

ኤልዳና ደወለች። ሰባት ቤት ደወለች። ሁለቱ አነሱና "እሱን ከጋሽ ሚኪያስ ጋር ጨርሺ" አሏት። አንዷ አልቅሳ ዘጋችው። የቀሩት አላነሱም። ለጋሽ ሚኪያስ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፈ። ሽበታሙ ዶክተር መጥቶ የቃልአብን ዓይን በብርሃን አየ፤ ሊናገር ፈልጎ እትዬ ሀያትን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቷቸው ሄደ።

"ጻፊለት" አሉ እትዬ ሀያት። "ሚኪ ልጅ ሆኖም በቃል አይሰማም፤ የተጻፈ ይፈራል።"

ኤልዳና ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። እጇ ገመዱ የላጠው ቦታ ላይ ደም አዝሏል፤ በሌላው እጇ ጻፈች። አንዴ ስድብ ጻፈችና አጠፋችው። አንዴ ልመና ጻፈችና እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ የጻፈችው ይህን ነው።

"ጋሽ ሚኪያስ፣ ኤልዳና ነኝ። እትዬ ሀያት መስክረዋል፤ አንድ ሰው ይቀራል። 'ቃልአብ ጥር ሰባት በአዳራሹ አልነበረም' ብለው ይመልሱልኝ። ከዚያ በላይ ምንም አይጻፉ። የሌሎቹን ስም እኔ አላነሳም። ቢሮው መልሱ የሚለውን ሁሉ እኔ እከፍላለሁ፤ ቤቴንም ይውሰዱት። ሶልያናን እወዳታለሁ፤ በእሷ ሕይወት አልቀናሁም። ግን የወንድሜን ስምንት ቀን ሳይጠይቁት ነው የሰጡት፤ እኔም ሳልጠይቀው ሰጥቻለሁ። እኔ ጥፋቴን ተናግሬአለሁ። ተራው የእርስዎ ነው። አሁን አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ እጁ ሙቅ ነው።"

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ላከችው። ስልኩ "ደርሷል" አለ። ዘጠኝ ከሃምሳ አራት ላይ "ተነብቧል" አለ።

"አነበበው" አለች ለእትዬ ሀያት።

"ይመልሳል" አሉ እትዬ ሀያት። "ልጅ ነው፤ አስቦ ይመልሳል።"

አስር ሰዓት ሆነ። አስር ከሩብ ሆነ። አስር ተኩል ላይ ናርዶስ ወደ ክፍሉ መጥታ ሰሌዳውን አየች፤ ኤልዳናን አላየቻትም። ከዚያ ሁለት ሰዎች መጥተው የአልጋውን ጎማ መቆለፊያ ፈቱ። ነርሶቹና ሐኪሞቹ ሥራቸውን ትተው ወጥተው በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተሰለፉ፤ ለሙሉ እንዲህ ነው ወጉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ሽበታሙ ዶክተር በመሐላቸው አልነበረም።

ኤልዳና የወንድሟን እጅ ይዛ ከአልጋው ጋር ተራመደች። በሌላው እጇ ስልኩ አለ። አንዴ ፊቱን ታያለች፣ አንዴ ስልኩን። ጭብጨባው በረታ። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ሰው ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ በትሕትና፣ ከወንድሟ ጣቶች አላቀቀላት።

በሩ ተዘጋ። ስልኩን አየች። ከመልእክቷ በታች ምንም አልተጻፈም።